«ይደግፋል» ስለሚለው ቃል፤ በስዊች ራውተሮች የመግለጫ ወረቀት ላይ የቀረበ ሒስ

ለመሥሪያ ቤትም ሆነ ለኮሌጅ የኔትወርክ ዕቃ ሊገዛ በታሰበ ጊዜ፥ ከሻጩ ዘንድ ከፕሮፎርማው ጋር አብራ የምትመጣ አንዲት የመግለጫ ወረቀት አለች። በውስጧም «መሣሪያው የሚደግፋቸው የመንገድ መምረጫ ፕሮቶኮሎች» በሚል ርእስ ሥር ስሞች ተራ በተራ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ሪፕ፥ ኦኤስፒኤፍ፥ አይኤስ-አይኤስ፥ ኢአይጂአርፒ፥ ቢጂፒ እያለች ትቀጥላለች። ይህ ዝርዝር ከአምስትና ከስድስት መስመር አይበልጥም። ሆኖም ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት ውሳኔ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ የጨረታ ኮሚቴው በሠንጠረዡ ላይ «አለ»፥ «የለም» እያለ ምልክት የሚያደርገው ከዚሁ ዝርዝር እያየ ነውና።

ሒስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ግጥሙን፥ ልብ ወለዱንና ቴአትሩን ነው። ነገር ግን ሰው አንብቦ፥ አምኖም የሚሠራበት ጽሑፍ ሁሉ ሊመረመር ይገባዋል። በዚህ አጭር ጥናት የሚመረመረው ያ ዝርዝር፥ ይልቁንም የዝርዝሩ ምሰሶ የሆነው «ይደግፋል» የሚለው ቃል ነው። አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ቃሉ ሐሰት ባይሆንም ገደቡን ስለሚሰውር ገዢውን ያሳስታል፤ አንድን የቴክኒክ ጽሑፍ መልካም የሚያሰኘውም የሚቻለውን ያህል የማይቻለውንም መናገሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሀ. በአንድ ሣጥን ሁለት ሥራ

ስዊች ራውተር የሚባለው መሣሪያ ስሙ እንደሚያመለክተው የሁለት መሣሪያዎች ጥምር ነው። ስዊች በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ክፍል ያሉትን ኮምፒዩተሮች ያገናኛል፤ ራውተር ደግሞ አንዱን መረብ ከሌላው መረብ እያገናኘ ለእያንዳንዱ ፓኬት መንገድ ይመርጥለታል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም የራውተሩ ሥራ በቺፕ ፍጥነት ሊፈጸም በመቻሉ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ተጠቃለሉ፤ ብዙ ድርጅቶችም ይህን ሣጥን የመረባቸው እምብርት አደረጉት።

በሣጥኑ ውስጥ የሚፈጸመውን ሥራ ከሁለት ከፍለን ልናየው ይገባል። የመጀመሪያው መንገድን ማወቅ ነው። ለዚህም ፕሮሰሰሩ ከጎረቤት ራውተሮች ጋር መልእክት ይለዋወጣል፤ የተቀበለውን ይመዝናል፤ ወደ እያንዳንዱ መረብ የሚያደርሰውን የተሻለ መንገድ ያሰላል። ሁለተኛው ሥራ ማሳለፍ ነው። ፓኬት በገባ ቍጥር ቺፑ በተዘጋጀለት ሠንጠረዥ ላይ ተመልክቶ በየትኛው በር መውጣት እንዳለበት ይወስናል፤ ይህንም በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ የሚቀመጥበት ቲካም የሚባለው ልዩ ማኅደረ ትውስታ እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ፥ የሚፈጀውም ኤሌክትሪክ ብዙ ስለ ሆነ በመጠኑ አነስተኛ ነው።

ፕሮቶኮል የሚመለከተው የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ነው። ጎረቤታሞች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። እንግዲህ የመግለጫዋ ዝርዝር የሚነግረን መሣሪያው ስንት ቋንቋ እንደሚያውቅ ነው፤ ስንት ጭነት እንደሚችል ግን አይነግረንም። አስተርጓሚነትና ተሸካሚነት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ገዢው ሁለቱንም ፈልጎ ስለ አንደኛው ብቻ የተጻፈ ማስረጃ ይሰጠዋል።

ለ. ገደቡን ራሱ የተናገረ ጽሑፍ

ሒስ ያለ ማነጻጸሪያ ፍሬ የለውም። ዝርዝሩን የምንመዝንበት ሚዛን እንዲሆነን ከዚያው ከሙያው የወጣ አንድ ጽሑፍ እናንሣ። ከ1969 ጀምሮ የኔትወርክ ባለሙያዎች አሳባቸውን «ለአስተያየት የቀረበ ጽሑፍ» በሚል ትሑት ስም በተራ ቍጥር እያወጡ ሲያሰራጩ ኖረዋል። በዚህ ተራ 1058ኛ ሆኖ በሰኔ 1988 የወጣው፥ የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሄድሪክ ሪፕ ስለሚባለው ፕሮቶኮል የጻፈው ነው። ጽሑፉ 33 ገጽ ብቻ ነው። ፕሮቶኮሉ ራሱ ከዚያ በፊት ከበርክሌይ ዩኒክስ ጋር ተሰራጭቶ በብዙ ቦታ ይሠራበት ስለ ነበረ፥ የሄድሪክ ድካም አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን በሥራ ላይ የነበረውን በጽሑፍ ማስፈር ነበር።

ጽሑፉን ከሌሎች የሚለየው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች የፕሮቶኮሉን ገደብ በሦስት ነጥብ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። አንደኛ፥ ከ15 እርምጃ በላይ ርቀት ላለው መረብ ሪፕ አይሆንም፤ 16 ማለት «መድረሻ የለውም» ማለት ነውና። ሁለተኛ፥ አንዳንድ ብልሽት በተፈጠረ ጊዜ ራውተሮቹ እስከ 16 ድረስ እየቈጠሩ ካልሆነ በቀር እውነቱን አይደርሱበትም። ሦስተኛ፥ ርቀትን የሚለካው በቋሚ ቍጥር ስለ ሆነ በየጊዜው የሚለዋወጠውን የመስመር መጨናነቅ ወይም መዘግየት ከግምት ማስገባት ለሚፈልግ ሰው አይበጅም።

ሁለተኛው ነጥብ በምሳሌ ቢገለጽ ይሻላል። ሁለት ጎረቤት ራውተሮች አሉ እንበል። አንደኛው ከቤተ መጻሕፍቱ መረብ ጋር በቀጥታ ተያይዟል፤ ርቀቱም 1 ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ሰምቶ «በ2 እደርሳለሁ» ብሎ መዝግቧል። የቤተ መጻሕፍቱ ገመድ ተበጠሰ። አንደኛው ይህን ከመናገሩ በፊት ሁለተኛው የወትሮውን «በ2 እደርሳለሁ» ቢልክለት፥ አንደኛው ሌላ መንገድ የተገኘ መስሎት «እንግዲያስ በ3 እደርሳለሁ» ይላል። ሁለተኛውም ይህን ሰምቶ 4 ያደርገዋል፤ አንደኛው 5 ይላል። መንገድ የጠፋባቸው ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እየተጠያየቁ የሚሄዱ ይመስላሉ፤ እያንዳንዱ የሚያምነው ቀድሞ ራሱ የተናገረውን ወሬ ነውና። ይህን ለመከላከል፥ ወሬውን ከሰሙበት ወገን መልሶ ላለመንገር ደንብ ተበጅቶለታል። ነገር ግን ደንቡ በሁለት ራውተሮች መካከል ያለውን ስሕተት እንጂ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚዞሩበትን እንደማያስቀር ሄድሪክ ራሱ ጽፎታል።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ሪፕን የት እንደሚያውለውና የት እንደማያውለው ያውቃል። በመግለጫዋ ወረቀት ላይ «ሪፕን ይደግፋል» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ስሙን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ በርዝመት አይደለም፤ ሦስቱ ገደቦች በሦስት መስመር ሊጻፉ ይችሉ ነበር።

ሐ. ትክክለኛ አሳብ በታመመ መሣሪያ ላይ

«ሪፕ አሮጌ ስለ ሆነ ነው እንጂ፥ ኦኤስፒኤፍን የመሰለውን ዘመናዊ ፕሮቶኮል የሚደግፍ መሣሪያ ምን ይወጣለታል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን የጥቅምት 27 ቀን 1980 ታሪክ ነው።

የኢንተርኔት አባት የሆነው አርፓኔት በ1979 የመንገድ አመራረጡን ለውጦ ነበር። ቀድሞ ጎረቤት ለጎረቤት ርቀት ይነጋገር ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መስመሮች ሁኔታ ብቻ ይጽፍና ለሁሉ ያዳርሳል፤ ሁሉም የደረሳቸውን አሰባስበው የመረቡን ሙሉ ካርታ ይሠሩና አጭሩን መንገድ ያሰላሉ። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1959 ባሳተመው የሒሳብ ዘዴ ላይ የተመሠረተው ይህ አካሄድ ዛሬም በኦኤስፒኤፍና በአይኤስ-አይኤስ ውስጥ ይሠራበታል። ወሬው ከምንጩ ስለሚመጣ እስከ 16 የመቈጠሩ ጣጣ የለበትም።

ታዲያ የትኛው ማስታወቂያ አዲስ፥ የትኛው አሮጌ እንደ ሆነ ለመለየት እያንዳንዱ ማስታወቂያ ተራ ቍጥር ይሰጠው ነበር። ቍጥሩ የተጻፈው በስድስት ቢት ስለ ሆነ ከ0 ተነሥቶ 63 ሲደርስ እንደ ሰዓት ክብ ወደ 0 ይመለሳል። ክብ ስለ ሆነም ከሁለት ቍጥሮች የትኛው እንደሚቀድም የሚወሰነው የክቡን እኩሌታ በማየት ነበር። በዚያ ቀን ብልሽት ባገኛቸው ጎረቤታሞች መሣሪያዎች አካባቢ ቢቶች መውደቅ ጀመሩ። 44 ቍጥር የያዘው ማስታወቂያ አንድ ቢት ሲወድቅበት 40 ሆነ፤ ሌላ ቢት ሲወድቅበት 8 ሆነ። በደንቡ መሠረት 44 ከ40 ይልቅ አዲስ ነው፤ 40 ከ8 ይልቅ አዲስ ነው፤ 8 ደግሞ ከ44 ይልቅ አዲስ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ማስታወቂያዎች እየተሳደዱ በመረቡ ሁሉ ዞሩ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በየተራ አዲስ እያለ ተቀብሎ ለጎረቤቶቹ አስተላለፋቸው። ለሌላ ሥራ የሚሆን ቦታ ስላልተረፈ መረቡ ለብዙ ሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። የዳነውም ባለሙያዎቹ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከምንጩ ማለት ከ50ኛው መሣሪያ የሚመጣውን ማስታወቂያ እንዳይቀበሉ አድርገው ፕሮግራሙን በመጠገናቸው ነው።

ኤሪክ ሮዘን በ1981 ይህን ታሪክ በ789ኛው ጽሑፍ ያለ ምንም ሽፍንፍን ተረከው። ማስታወቂያው በመስመር ላይ ሲጓዝ ስሕተት እንዳይገባበት ይመረመር ነበር፤ በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ግን ጠባቂ አልነበረውም። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን የመንገድ አመራረጡ አሳብ ትክክል ሆኖ ሳለ መሣሪያው አሳቡን እንዴት እንደ ያዘው ሌላ ጥያቄ መሆኑን ነው። በዚያ ዘመን የመግለጫ ወረቀት ቢኖር ኖሮ «አዲሱን ሥርዓት ይደግፋል» ብሎ በእውነት ሊጽፍ ይችል ነበር።

ከዚህ ውድቀት ትምህርት ተወስዷል። ጆን ሞይ ያዘጋጀውና በሚያዝያ 1998 የወጣው የኦኤስፒኤፍ ሁለተኛ እትም መግለጫ 244 ገጽ ነው፤ ከገጾቹ ብዙዎቹ የሚናገሩት ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ነው። ተራ ቍጥሩ በ32 ቢት ተጽፎ ክብ መሆኑ ቀርቶ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ዕድሜ ተሰጠው፤ በየ1800 ሴኮንዱ ካልታደሰ 3600 ሴኮንድ ሲሞላው ይሻራል። በማኅደር የተቀመጠውም ቢሆን በየአምስት ደቂቃው እንዲመረመር፥ ስሕተት ከተገኘበትም ራውተሩ ቢያንስ ከእንደ ገና እንዲነሣ ታዘዘ። ደራሲው መሣሪያው ሊታመም እንደሚችል አስቦ ጻፈ፤ የመግለጫዋ ወረቀት ግን መሣሪያው ሁልጊዜ ጤነኛ እንደ ሆነ አድርጋ ትጽፋለች።

መ. ስሙ አንድ፥ ሥራው ልዩ ልዩ

ኦኤስፒኤፍ በአንድ መረብ ውስጥ መልካም ሆኖ በሌላው የሚያስቸግርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይነካ በቀረው የመነሻ ቍጥር ነው። ለዚህ ሁለት ምሳሌ ይበቃናል።

ራውተሮች በሕይወት መኖራቸውን የሚያስታውቁት በሰላምታ መልእክት ነው። እንደ ኢተርኔት ባለው መረብ ላይ በተለመደው አሠራር ሰላምታው በየ10 ሴኮንዱ ይላካል፤ ጎረቤት ሞተ የሚባለው 40 ሴኮንድ ዝም ሲል ነው። ሁለቱ ራውተሮች በአንድ ገመድ ቀጥታ ከተያያዙ፥ ገመዱ ሲበጠስ በሩ ራሱ ስለሚጠፋ ወዲያው ይታወቃል። በመካከላቸው ተራ ስዊች ካለ ግን የእያንዳንዱ በር እንደ በራ ይቀራል፤ ስለዚህ የጎረቤቱ ሞት የሚታወቀው 40 ሴኮንዱ ሲያልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ የሚላከው ሁሉ ገደል ይገባል። ይህን ለማሳጠር በ2010 ደረጃ የወጣለት ቢኤፍዲ የሚባል ፈጣን መመርመሪያ አለ፤ እርሱ መኖር አለመኖሩን፥ ስንት ጎረቤት እንደሚችልም «ኦኤስፒኤፍን ይደግፋል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ልናውቅ አንችልም።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ መንገድ ዋጋ ነው። በሲስኮ መሣሪያዎች ለረጅም ጊዜ በቆየው የመነሻ ስሌት የመስመር ዋጋ የሚገኘው 100 ሜጋቢትን ለመስመሩ ፍጥነት በማካፈል ነው፤ ከ1 የሚያንስ ዋጋ ደግሞ የለም። ስለዚህ ባለ 100 ሜጋቢቱ፥ ባለ 1 ጊጋቢቱና ባለ 10 ጊጋቢቱ መስመር ሁሉም ዋጋቸው 1 ይሆናል። መቶ እጥፍ በሚበላለጡ ሁለት መስመሮች መካከል ራውተሩ ልዩነት አያይም፤ ፓኬቶቹንም እኩል ያካፍላቸዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ትእዛዙን የሚሰጠው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ገዢው በውዱ ዋጋ ባለ 10 ጊጋቢት በር ገዝቶ ጭነቱን በአሮጌው መስመር ሲያንገዋልል ቢኖር «ይደግፋል» የሚለው ቃል አይፈረድበትም።

ሠ. ሠንጠረዡ የሞላ ዕለት

ከሁሉ ይልቅ ቃሉ የተፈተነው በነሐሴ 12 ቀን 2014 ነው። ቢጂፒ በኢንተርኔት ላይ ያሉ ልዩ ልዩ ድርጅቶች «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» እየተባባሉ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል ነው። የዓለሙን ሙሉ ሠንጠረዥ ለመያዝ የሚፈልግ ራውተር በዚያ ዓመት በግምት 500 ሺሕ መንገዶችን መያዝ ነበረበት።

በዚያ ዘመን በድርጅቶችና በኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ እጅግ ከተስፋፉት ስዊች ራውተሮች አንዱ የሲስኮ ካታሊስት 6500 ነበር። ሱፐርቫይዘር 720-3ቢኤክስኤል በሚባለው የመቈጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ያለው ቲካም 1 ሚሊዮን ያህል መንገድ ይይዝ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ ቦታው አስቀድሞ ተከፋፍሎ ነበር፤ ለአራተኛው እትም አድራሻ 512 ሺሕ፥ የተረፈው እኩሌታ ደግሞ ለስድስተኛው እትም አድራሻ። የስድስተኛው እትም አንድ መንገድ የሁለት ቦታ ስለሚወስድ የእርሱ ድርሻ 256 ሺሕ ሆነ። በተባለው ቀን አንድ ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ 15 ሺሕ ያህል ተጨማሪ መንገዶችን ለጥቂት ጊዜ ወደ ዓለሙ ሠንጠረዥ በመልቀቁ ቍጥሩ በብዙ ቦታ ገደቡን አለፈ። ከዚያ በኋላ በቺፑ ሠንጠረዥ ያልተገኘለት ፓኬት ወደ ፕሮሰሰሩ ይላክ ጀመር፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሸክም አልተሠራም። በልዩ ልዩ አገር ያሉ መረቦች ተንቀራፈፉ፥ አንዳንዶቹም ተቋረጡ።

እዚህ ላይ ቢጂፒ ራሱ አልተሳሳተም። ጎረቤቶቹ በትክክለኛ ቋንቋ ተነጋገሩ፥ ፕሮሰሰሩም መንገዶቹን በትክክል ተማረ። የጎደለው የማሳለፊያው ቦታ ነበር። ሊታዘን የሚገባው ደግሞ ግማሹ ቦታ ባዶውን ተቀምጦ ሳለ መድረሱ ነው፤ አከፋፈሉን በአንድ ትእዛዝ ለውጦ መሣሪያውን ማስነሣት ይበቃ ነበር።

ትንንሾቹ መሣሪያዎች ጋር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ካታሊስት 3750 የተባለው ስዊች በገበያ ላይ በነበረ ጊዜ ቲካሙ እንደ ገዢው ምርጫ በልዩ ልዩ አከፋፈል ይዘጋጅ ነበር። በመነሻው አከፋፈል 8 ሺሕ ያህል መንገዶች ይይዛል፤ ከእነዚህ በጎረቤት በኩል የሚገኙት ሩቅ መንገዶች 2 ሺሕ ብቻ ናቸው። ለራውተርነት በተዘጋጀው አከፋፈል 11 ሺሕ ይይዛል፤ ከነዚህም ሩቆቹ 8 ሺሕ ይሆናሉ። ለስዊችነት ብቻ በተዘጋጀው አከፋፈል ግን የሚይዘው መንገድ 0 ነው። ሣጥኑ አንድ፥ ስሙም አንድ ነው። ከዚህም ሌላ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ሁለት ደረጃ ነበረው። በዝቅተኛው ስታቲክና ሪፕ፥ ከኢአይጂአርፒም የተወሰነ ክፍል ይገኛል፤ ሙሉው ኦኤስፒኤፍና ቢጂፒ የሚገኙት ተጨማሪ ገንዘብ በሚከፈልበት በከፍተኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ «ካታሊስት 3750 ቢጂፒን ይደግፋል» ማለት እውነት ነው፤ «የገዛሁት 3750 ቢጂፒን ይሠራልኛል» ማለት ግን እውነት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

ረ. ለሻጩ ወገን የሚሰጥ መልስ

ሚዛናችን ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል የሻጩንም ክርክር እንስማ። «የመግለጫ ወረቀት ማጠቃለያ ነው፤ ገደቦቹ ሁሉ በዝርዝር መመሪያዎቻችን ተጽፈዋል» ይላል። እውነቱን ነው። የ3750 አከፋፈል በመመሪያው ላይ በሠንጠረዥ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ 512 ሺሑም ገደብ ሲስኮ ከነሐሴ በፊት በዚያው ዓመት በግልጽ አስጠንቅቆ ነበር። በ2014 የተጎዳው ማስጠንቀቂያውን ያላነበበ ወይም አንብቦ ያልሠራበት ነው። እንግዲያስ ጥፋቱ የአንባቢውም ነው ቢባል አንክድም።

ደግሞም ስሞቹ ዋጋ የላቸውም አንልም። «ኦኤስፒኤፍ» የሚለው ስም ማንም ሊያነበውና ሊሠራበት የሚችል የታተመ ደንብ ስለ ሆነ፥ የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ከሌላው ጋር መነጋገር እንዲችል ተስፋ ይሰጣል። በዚህ ረገድ ኢአይጂአርፒ የተለየ ነው። ሲስኮ በ1993 ካወጣው ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የአንድ ኩባንያ ቋንቋ ሆኖ ቆየ፤ መግለጫው በ7868ኛው ጽሑፍ የታተመው በ2016 ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን እኩል ሆነው ቢቀመጡም አንዱ የአደባባይ፥ ሌላው ለረጅም ጊዜ የቤት ቋንቋ ነበረ፤ ዝርዝሩ ግን ይህን ልዩነት እንኳ አያሳይም።

ሆኖም የሻጩ መልስ ጥያቄውን አይዘጋውም። ውሳኔው የሚሰጠው በማጠቃለያው ላይ ሆኖ ገደቡ በብዙ መቶ ገጽ መመሪያ ውስጥ ከተቀመጠ፥ ገደቡ ተነገረ ማለት ያዳግታል። ማጠቃለያ ማለት የነገሩን ፍሬ ይዞ ማሳጠር ነው፤ ፍሬውን ትቶ ስሙን ማስቀረት ማሳጠር አይባልም።

ሰ. የእኛስ ድርሻ

ዝርዝሩን የሚጽፈው ሻጩ ብቻ አይደለም። የጨረታውን ሰነድ የሚያዘጋጀው የገዢው ሰው ጊዜ ሲያጥረው ወይም ዕውቀቱ ሳይበቃው ሲቀር፥ ከአንድ ሻጭ መግለጫ ላይ ስሞቹን እንዳሉ ገልብጦ «ይህን ሁሉ የሚደግፍ» ብሎ ይጽፋል። በዚህም ሳያውቀው ሁለት ጉዳት ያደርሳል። የአንዱን ኩባንያ የቤት ቋንቋ ሲጠይቅ ሌሎቹን ከውድድር ያስወጣል፤ የማይሠራበትን ስም ሲጠይቅ ደግሞ መሥሪያ ቤቱን ያለ ጥቅም ያስከፍላል።

አሥር ሕንፃና አንድ የኢንተርኔት መውጫ ያለውን ኮሌጅ እናስብ። በውስጡ የሚኖሩት መንገዶች በአሥሮች የሚቈጠሩ ናቸው። ለዚህ ያለ ክፍፍል በአንድ ክልል የተዘጋጀ ኦኤስፒኤፍና «የማላውቀውን ሁሉ ወደ መውጫው ስደድ» የሚል አንድ የመነሻ መንገድ ይበቁታል። ቢጂፒ የሚያስፈልገው ከሁለት አቅራቢዎች ጋር በራሱ አድራሻ ሊገናኝ ሲያስብ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከእያንዳንዱ የመነሻ መንገድ ብቻ ቢቀበል ሙሉውን የዓለም ሠንጠረዥ መሸከም አይኖርበትም። ለእንዲህ ያለ ኮሌጅ ስድስት ስም ካለው መሣሪያ ይልቅ ሁለት ስም ኖሮት ገደቡ በግልጽ የታወቀው ይሻለዋል።

ስለዚህ በጨረታው ሰነድ ላይ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አምስት ጥያቄ እንዲጻፍ አሳብ እናቀርባለን። የትኛው እትም ነው? በየትኛው የፈቃድ ደረጃ ይገኛል? በቺፑ ሠንጠረዥ ስንት መንገድ ይይዛል፥ በየትኛውስ አከፋፈል? ገደቡ ሲሞላ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ሲሞት በስንት ሴኮንድ ያውቃል? ለእነዚህ በቍጥር የሚመልስ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል፤ «ይደግፋል» ብሎ ብቻ የሚመልስ ግን ወይ አያውቀውም ወይ ሊናገር አይወድም።

መልሱን በቃል ብቻ መቀበልም አያስፈልግም። ከ2017 ጀምሮ ኤፍ አር ራውቲንግ በሚል ስም የሚሠራጨው ነፃ ሶፍትዌር ኦኤስፒኤፍንና ቢጂፒን በተራ ኮምፒዩተር ላይ ያሠራል። አንድ ተማሪ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ይዞ፥ ለሙከራ በተሰጠው ስዊች ራውተር ላይ ዐሥር ሺሕ መንገድ ሊጭንበት፥ ገመዱንም ነቅሎ ሴኮንዱን ሊቈጥር ይችላል። የሙከራው ውጤት በአንድ ገጽ ተጽፎ ለጨረታ ኮሚቴው ቢቀርብ ከመግለጫዋ ወረቀት ይልቅ ሄድሪክና ሮዘን ወደ ጻፉት ዐይነት ጽሑፍ የቀረበ ይሆናል፤ እስከ የት እንደሚችል፥ ከየት ጀምሮ እንደማይችል ይናገራልና።